ሃያ እጥፍ ዙም፣ ሁለት ባትሪ፦ ከጅማ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018

የእህቴ ልጅ ለትምህርት ቤቷ የተፈጥሮ ክበብ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ የጅማ ፎቶዎች እንድታመጣ ተመድባለች። የቦዬ ረግረግ ወፎች፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ የቡና ለቀማ። "ጋሼ፣ በስልክ ሲነሳ እኮ ወፏ ነጥብ ሆና ነው የምትወጣው" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ስለዚህ ካሜራዋን ከመሳቢያ አወጣሁ። ካነን ፓወርሾት ኤስኤክስ 260 ኤችኤስ ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣች፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ 12 ሜጋፒክስል። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ትቶልን የሄደው ነው። ዋናው ሀብቷ 20 እጥፍ ኦፕቲካል፣ ማለትም በሌንሱ ራሱ የሚያቀርብ ዙም ነው፤ በፎቶ አንሺዎች አነጋገር ከ25 እስከ 500 ሚሊሜትር። ድህነቷ ባትሪዋ ነው። 3.7 ቮልት፣ 1000 ሚሊአምፒር ሰዓት። የዛሬ ስልኮች 5000 ይይዛሉ። በዚያች ባትሪ ሌንስ የሚገፋ ሞተር፣ ስክሪንና ፍላሽ ሁሉ ይቀለባሉ።

ባትሪዎቹ ሁለት ናቸው። በማርከር "ሀ" እና "ለ" ብዬ ጻፍኩባቸው። ይህ ካልተደረገ ሜዳ ላይ የቱ ሙሉ የቱ ባዶ እንደሆነ መለየት አይቻልም። "ሀ" ከካሜራዋ ጋር የመጣ ነው፤ አርጅቷል። "ለ" ከአንድ ሱቅ የተገዛ ነው፤ ላዩ ላይ 1800 ተብሎ ተጽፎበታል። በዚያች ትንሽ ነገር ውስጥ 1800 ማስገባት ከተቻለ ዋናው አምራች ምን ከለከለው? ቁጥሩ ለጌጥ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ሁለቱንም ቻርጅ አድርጌ በመልቲሜትር ለካሁ። ሁለቱም 4.2 ቮልት ገደማ አሳዩ። ይህ ሙሉ መሆናቸውን ይናገራል እንጂ ምን ያህል እንደሚቆዩ አይናገርም። ነገ እናያለን።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ዛሬ ሥራችን ባትሪ መግደል ነበር።

ለካሜራዋ የተሰጠው ቁጥር በአንድ ቻርጅ 230 ፎቶ ገደማ ነው። ቁጥሩ የሚወጣው ሲፓ የተባለው የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር ባወጣው ደንብ ነው። በየ30 ሴኮንዱ አንድ ፎቶ ይነሳል። ፍላሽ በየሁለተኛው ፎቶ ይበራል። ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት ዙሙ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። አሥር ፎቶ በተነሳ ቁጥር ካሜራው ጠፍቶ ይበራል።

እስቲ እናስላው። 230 ፎቶ በ30 ሴኮንድ ሲባዛ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ካሜራዋ በርታ የምትቆይበት ጊዜ በሙሉ ያ ነው ማለት ነው። ወፍ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ከሚያነሳው ይልቅ የሚጠብቀው ይበዛል። ስክሪኑን አብርቶ አሥር ደቂቃ የሚጠብቅ ሰው በሲፓ ሰዓት የ20 ፎቶ ጊዜ በላ። ዙሙና ፍላሹ ስላልሠሩ ፍጆታው ያን ያህል አይሆንም፤ ግን ቀላልም አይደለም። ለልጅቷ ይህን ሳስረዳት "ታዲያ ፎቶው አይደለም ባትሪ የሚጨርሰው፣ መጠበቁ ነው" አለች። በቃ፣ የዚህ ሥራ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ከዚያ ወደ ዙሙ። "ሀ"ን አስገብተን የዙሙን ማንሻ ከዳር እስከ ዳር ደጋግመን አስኬድነው። ዝዝዝ ብሎ ይወጣል፣ ዝዝዝ ብሎ ይመለሳል። ስክሪኑ ላይ ያለው የባትሪ ምልክት ሙሉ ነኝ ሲል ቆየ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ወደ ቀይ ወረደ። ሌንሱ ግማሽ መንገድ ላይ እንዳለ ካሜራዋ ድርግም አለች።

ባትሪውን አውጥቼ ስለካው 3.8 ቮልት ገደማ። ሞተ የተባለው ባትሪ ማለት ነው! ነገሩ እንዲህ ነው። ባትሪ ሲያረጅ ከረንት እንዳይፈስ የሚያግደው የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል። ምንም ሳይሠራ ሲለካ ቮልቴጁ ደህና ይመስላል። የሌንሱ ሞተር ባንዴ ብዙ ከረንት ሲስብ ግን ቮልቴጁ ይወርዳል። ካሜራዋ ያን ስታይ ባትሪው አልቋል ብላ ትዘጋለች። የሊቲየም ባትሪ ቮልቴጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብዙም ሳይለወጥ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ነው የሚንሸራተተው። ስለዚህ ምልክቱን ማመን ከባድ ነው።

"ሀ"ን መልሰን አስገባነው። ካሜራዋን አብርተን፣ ዙም ሳንነካ፣ ፍላሹን አጥፍተን አነሳን። ከ"ሞተ" ባትሪ በርከት ያሉ ፎቶዎች ወጡ። ደንባችን ተወለደ፦ ቀዩ ምልክት ከመጣ በኋላ ዙም የለም። ሌንሱ ባለበት፣ እግር ወደሚፈለገው ቦታ።

"ለ" እንደጠበቅኩት ከ"ሀ" ትንሽ ቢሻል ነው። 1800 የሚሉት ወሬ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ማታ ሜኑ ውስጥ ገባን። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በሻማ ነው የሠራነው። ባትሪዎቹ ግን ከመጥፋቱ በፊት ሞልተዋል። ቻርጀሩ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ስለሆነ ከፓወር ባንክ ጋር አይግባባም። ጅማ ውስጥ ይህን ካሜራ የሚጠቀም ሰው በዩኤስቢ የሚሠራ ቻርጀር ቢፈልግ ይሻለዋል። እስከዚያው ልማዳችን አንድ ነው፤ ከሜዳ እንደገባን ወዲያው መሰካት። "ጠዋት እሰካዋለሁ" ያለ ሰው ጠዋት መብራት ይኖራል ያለው ማን ነው?

ጂፒኤስ። መጀመሪያ የፈለግኩት እሱን ነው። ይህች ካሜራ የሄደችበትን መንገድ የምትመዘግብበት "ሎገር" የሚባል ነገር አላት። እሱ ከተከፈተ ካሜራዋ ጠፍታም ቢሆን በየጊዜው ሳተላይት ትፈልጋለች። ዘመዳችን መንገደኛ ነውና ከፍቶት ነበር። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ ለምን እንደሚያልቅ ሲያነጋግረን ከርሞ ነበር፤ እነሆ። ዘጋነው።

ሳያቋርጥ ፎከስ ማድረግን ዘጋን። ይህ ሲበራ የፎቶ ማንሻውን ባንነካም ሌንሱ ፎከስ ሲፈልግ ይውላል። ካሜራዋን ጆሯችን ላይ ስናስጠጋ ትንሽ ድምፁ ይሰማል። የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያውን "ሲነሳ ብቻ" ላይ አደረግነው። አሁን የሚሠራው ፎቶው በሚነሳበት ቅጽበት ብቻ ነው። ስክሪኑ በ20 ሴኮንድ ራሱ እንዲጠፋ፤ ከተነሳ በኋላ ፎቶውን የሚያሳይበት ጊዜ እንዲያጥር። ፍላሽ ዝግ። ዲጂታል ዙም ዝግ፤ ስለ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

የስክሪኑን ብርሃን ግን አልቀነስኩትም። ይህች ካሜራ በዓይን የሚታይባት ቀዳዳ የላትም። ፀሐይ ላይ ስክሪኑ ካልታየ የሚነሳውም አይታይም። ባትሪ ተቆጥቦ የቆርቆሮ ጣራ አንስቶ መመለስ ትርፍ አይደለም።

አንድ ነገር ልጅቷ ራሷ አገኘች። ካሜራዋ ጠፍታ ሳለ የማሳያውን ቁልፍ ብቻ ከተጫኑ ሌንሱ ሳይወጣ ፎቶዎቹ ይታያሉ። ጓደኞቿ "እስቲ አሳዪን" ባሏት ቁጥር ሌንሱ ወጥቶ ከመግባት ያድናል። እንደ እኔ ይህ ከሁሉም ቅንብር ይበልጣል፤ ምክንያቱም "እስቲ አሳዪን" የማይል ሰው የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሐሙስ የሄርማታ ገበያ ነው። ሥራው ባይጠይቅም ለልምምድ ሄድን። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ተደርድሮ ነበር። ከቅርብ፣ ያለ ዙም ተነሳ፤ የመጥረቢያው አሻራ ሳይቀር ታየ።

ስለ ሰው ግን ተነጋገርን። በ20 እጥፍ ዙም ከመንገዱ ማዶ ሆኖ የአንዲት እናትን ፊት ማንሳት ይቻላል። ስለተቻለ ብቻ አይደረግም። ቀርቦ፣ ሰላም ብሎ፣ አስፈቅዶ ነው። ልጅቷ አንዲት ቅቤ ሻጭ "አዴ፣ ላንሳዎት?" ብላ ጠየቀች። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቅቤያቸውን ወደ ፊት ገፋ አድርገው ተቀመጡላት። ባለ 500 ሚሊሜትሩ ሌንስ ይህን ከየት ያመጣዋል?

እሑድ፣ ጥቅምት 16፣ ቦዬ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በባጃጅ ወጣን። 1 ሰዓት ላይ ውሃው ዳር ነበርን። ማለዳ የመረጥኩት ለብርሃኑ ብቻ አይደለም። ፀሐይ ከፍ ካለ በኋላ ከረግረጉ ላይ የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያንቀጠቅጠዋል። በዓይን ብዙም አይታይም። በ20 እጥፍ ዙም ግን ወፉ በውሃ ውስጥ የሚታይ ይመስላል። ይህን የሚያስተካክል ቅንብር የለም፤ ማልዶ መነሳት ብቻ።

ለማስደገፊያ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አዘጋጅተን ነበር። ጥሬ ቡና ልሞላበት ስል እናቴ "ጤና የለህም እንዴ?" ብላ ቀማችኝ። በቆሎ ሞላሁ። ከረጢቱ አጥር ላይ ወይም ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ካሜራዋ ትሰምጥበታለች። ከዚያ የሁለት ሴኮንድ ሰዓት ቆጣሪ። ማንሻው ሲጫን የሚፈጠረው ንቅናቄ በሁለቱ ሴኮንድ ውስጥ ይረጋጋል።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ለልጅቷ በቁጥር አሳየኋት። ሌንሱ ሰፊው ጫፍ ላይ፣ ዙም ሳይደረግ፣ ኤፍ 3.5 ነው፤ ረጅሙ ጫፍ ላይ፣ ዙሙ ሲያልቅ፣ ኤፍ 6.8። የኤፍ ቁጥር ከፍ አለ ማለት ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ጠበበ ማለት ነው። የሚገባው ብርሃን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ብርሃን ሲያንስ ካሜራዋ ወይ ፎቶውን ቀስ ብላ ታነሳለች ወይ አይኤስኦውን፣ ለብርሃን ያላትን ስሜት፣ ከፍ ታደርጋለች። ቀስ ካለች ፎቶው ብዥ ይላል፤ አይኤስኦው ከፍ ካለ ፎቶው ላይ አሸዋ የተነሰነሰ ይመስላል። በዚያ ላይ የቆየው የፎቶ አንሺዎች ደንብ 500 ሚሊሜትር ላይ በእጅ ሲነሳ ቢያንስ 1/500ኛ ሴኮንድ ያስፈልጋል ይላል። ማረጋጊያው ይህን ያቀልላል፤ የእጅን መንቀጥቀጥ እንጂ የወፉን እንቅስቃሴ ግን አያቆምም።

ጋጋኖ የሚባሉት ወፎች መጀመሪያ ተሰሙ፣ ኋላ ታዩ። አንድ መንጋ ሣሩ ላይ ወርዶ በረጃጅም ምንቃራቸው አፈሩን ይወጋጉ ጀመር። ልጅቷ ካሜራዋን አብርታ ወዲያው እስከ መጨረሻው ዙም አደረገች። ስክሪኑ ላይ ሣር ብቻ። ወደ ቀኝ ዞረች፣ ሣር። ወደ ግራ፣ ሣር። በ500 ሚሊሜትር የሚታየው ስፋት እዚህ ግባ አይባልም፤ ወፉን መፈለግ ስልቻ ውስጥ መርፌ እንደመፈለግ ነው። እንድትመልሰው ነገርኳት። መጀመሪያ በሰፊው ወፉን መሃል ላይ ማድረግ። ከዚያ ሳይለቁ ቀስ እያሉ መግባት። እስከ ግማሽ፣ 10 እጥፍ ድረስ፣ እዚያ ማንሳት። ፎቶው በእጃችን ከገባ በኋላ የቀረውን መሞከር።

ሌላው ትምህርት ካሜራዋ ሳትበራ የሚሠራው ነው። ወፉ የት እንደቆመ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ከጀርባው ምን እንዳለ መጀመሪያ በዓይን ማየት። ጋጋኖ ሲበላ ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄደ ነው የሚወጋጋው። ከፊቱ ያለውን ባዶ ቦታ መርጦ፣ ከረጢቱን አስተካክሎ፣ ሲቃረብ ማብራት። ማብራትና ማጥፋትን ግን ማብዛት አይገባም። በከፈትን በዘጋን ቁጥር ሌንሱ ይወጣል፣ ይገባል። ለአጭር ጊዜ የምንጠብቅ ከሆነ ስክሪኑ ራሱ ይጥፋ፤ ማንሻውን ነካ ስናደርገው ይነሳል። ረዘም ላለ ጊዜ ከሆነ ግን ካሜራዋን መዝጋት ነው።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ራቅ ብሎ ሁለት ጆሮና አንድ ጥንድ አፍንጫ ከውሃው ወጣ። ጉማሬ። ልጅቷ ወደ ውሃው እርምጃ ስትጀምር ክንዷን ያዝኩ። እስካሁን "እግር ይቅደም፣ ዙም ይከተል" ስላት ነበርና ግራ ገባት። ጉማሬ ላይ ይህ አይሠራም። ዙም የተሠራው ለእንዲህ ያለው ነው፤ እግር ሊሄድበት ለማይገባው ቦታ። 20 እጥፉን ሙሉ ተጠቀምንበት። ፎቶው ላይ ጆሮዎቹ ይታያሉ፤ አንደኛው ላይ የውሃ ጠብታ የሚረጭበት ቅጽበት ተይዟል። ግን ትንሽ ነው።

"ሀ" ቀዩን ሳያሳይ ከሦስት ሰዓት በፊት ሥራ ጨረስን። "ለ" ኪሴ ውስጥ ሳይነካ ተመለሰ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ አየናቸው። "ጋሼ፣ ጉማሬው ትንሽ ነው፤ ዲጂታል ዙሙን ከፍተን ቢሆን ኖሮ?" መልሱን አብረን ሠራነው።

ፎቶዋ 4000 በ3000 ነጥብ ናት። መሃሏን በሁለት እጥፍ ቆርጠን ብናሳድግ 2000 በ1500 ትቀራለች፤ 3 ሜጋፒክስል። በአራት እጥፍ ቢሆን 1000 በ750፤ አንድ ሜጋፒክስል እንኳ አይሞላም። ዲጂታል ዙም የሚያደርገው ይኸንኑ ነው፤ ቆርጦ መለጠጥ። ልዩነቱ እኛ ቤት ቁጭ ብለን፣ አስበን መቁረጣችን ነው። ዋናውም ፎቶ ከእጃችን አይወጣም።

10 በ15 ሴንቲሜትር ለሆነ ፎቶ በጥሩ ጥራት 1800 በ1200 ነጥብ ገደማ ይበቃል። ስለዚህ በሁለት እጥፍ መቁረጥ ያስኬዳል። ጉማሬውን በሁለት እጥፍ ቆረጥነው። ከዚያ በላይ ሲቆረጥ ጆሮው የቀለጠ ፕላስቲክ መሰለ። ተውነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22፣ ጅሬን

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ነው። የተሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ነው። አብዛኛው እንጨት ነው፤ ሰገነቱም፣ ደረጃውም፣ ከጣራው ጠርዝ ሥር ያለው ቅርጽም።

እዚህ ዙሙ ለማቅረብ ሳይሆን ለማቅናት ጠቀመን። ከቅርብ ቆመን በ25 ሚሊሜትር ሙሉውን ሕንፃ ስናነሳ ጠርዙ ላይ ያሉት ምሰሶዎች ጎበጡ፤ ካሜራዋን ወደ ላይ ቀና ስናደርግ ደግሞ ወደ ውስጥ ዘመሙ። ግቢው ውስጥ ወደ ኋላ ርቀን በሁለትና በሦስት እጥፍ ስናነሳ ምሰሶዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። ያው ሕንፃ፣ ያው ካሜራ። ለሕንፃ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ መራቅና ትንሽ ዙም።

ከጣራው ሥር ያለው የእንጨት ቅርጽ ሌላ ነው። መሰላል ይዞ የሚወጣ የለምና 10 እጥፍ። ጥላ ስለሆነ ምሰሶ ተደግፈን፣ የሁለት ሴኮንዱን ቆጣሪ ተጠቅመን አነሳን። የቀለሙ ርዝራዥ እንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይታያል። ከታች ቆሞ በዓይን ይህን አላየሁትም ነበር።

የውስጥ ክፍሎቹ ጨለማ ናቸው። እዚያ ዙም አይታሰብም። ሰፊው ጫፍ ብቻ፣ ኤፍ 3.5፣ ፍላሽ ሳይበራ፣ በቆሎው ከረጢት መስኮት ላይ ተቀምጦ። አስጎብኚው ከረጢቱን አይቶ "ምሳችሁ ነው?" አለን።

"ሀ" እዚህ ከሰዓት ላይ ቀይ አሳየ። ደንቡ ሠራ፤ የመጨረሻዎቹን ፎቶዎች ዙም ሳንነካ፣ በእግራችን እየተጠጋን አነሳን። ከዚያ "ለ" ገባ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ቡና። የአክስቴ ጓሮ። ከቅርብ በሰፊው ጫፍ ስናነሳ የካሜራዋ ጥላ ፍሬው ላይ ያርፋል፤ ከጀርባም አጥሩ፣ ልብሱ፣ ዶሮው ሁሉ ይገባል። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀን ዙም ስናደርግ ቀዩ ፍሬ ብቻውን ቀረ፤ ጀርባው አረንጓዴ ብዥታ ሆነ። በጣም ከተጠጋን ረጅሙ ጫፍ ፎከስ አይይዝም፤ ወደ ኋላ ሸሸት ማለት ነው።

የለቃሚዋ እጅ ግን ይንቀሳቀሳል። አሥር ፎቶ ተነስቶ አንድ ቢገኝ ጥሩ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካለ ፎቶ ቤት ልናሳጥብ ሰጠን። የተመረጡት፦ ጋጋኖዎቹ በ10 እጥፍ፣ የተቆረጠው ጉማሬ፣ ቤተ መንግሥቱ ከርቀት፣ የጣራው ሥር ቅርጽ፣ የቡናው ፍሬ፣ የለቃሚዋ እጅ። ቅቤ ሻጯም ይታጠቡ ብላለች ልጅቷ፤ ክበቡ ባይፈልጋቸውም ለራሳቸው ሐሙስ ልትወስድላቸው።

ካሜራዋ እስከሚቀጥለው ሥራ ትቀመጣለች። ባትሪዎቹን አውጥቼ ለየብቻ አስቀመጥኳቸው፤ ሙሉ ሳይሆኑ፣ ባዶም ሳይሆኑ፣ ግማሽ ገደማ ላይ። ሊቲየም ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ የሚመቸው እንዲያ ነው፤ ሙቀት ያለበት ቦታ ግን አይደለም። ማገናኛዎቻቸውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩ። በዩኤስቢ የሚሠራው ቻርጀር ታዟል። "ሀ"ን የሚተካ ባትሪም እየፈለግኩ ነው፤ ላዩ ላይ ከ1000 ብዙ የራቀ ቁጥር የተጻፈበት ከሆነ አልገዛም።